የብሎኖቹ ቦታ

ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ደጃፍ ላይ አቁመናቸው ነበር፤ እሱ የፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ እሷ የበሩን እጀታ ይዛ። ዘግይቶ ለደረሰ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስና እናስገባቸው። ሰውዬው የሆስፒታሉን አሳንሰር የሚጠግን ነው፤ ባለአሳንሰሩ ይሉታል። እሷ በዚያው ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ማደንዘዣ ትሰጣለች፤ ባልደረቦቿ አስተኚዋ ይሏታል። የተዋወቁት አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ ብሎ እሷ ውስጡ በቀረች ጊዜ ነው። እሱ በበሩ ክፍተት በኩል ሲያጫውታት ቆየና ፊቱን ሳታይ ድምፁን ወደደችው።

እናቷ ግን ፊቱንም ድምፁንም አልወደዱም። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዳይሬክተሯ እያለ ነው የሚጠራቸው። "ያን ሁሉ ዶክተር ትታ ገመድ ጎታች መረጠች" ብለው ለጎረቤት ሳይቀር ተናግረዋል።

አሁን ደግሞ ባለአሳንሰሩ በማግስቱ ማታ ወደ ሩቅ አገር ሊበር ነው። ረጃጅም ሕንፃ ከሚያቆም ድርጅት ጋር ተፈራርሟል፤ ቶሎ የሚመለስም አይደለም። ሳያማክረኝ ፈረመ ትላለች እሷ። ስደውል ስደውል ውዬ አላነሳሽልኝም ይላል እሱ። በዚያን ቀን ስልኬ ላይ አንድም ጥሪ አልነበረም ትላለች። ተከፍቶ ታይቶ እንዳይፈረድ፣ ስልኳ የወለል መወልወያ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ጸጥ ብሏል።

ብታኮርፍ ጥሩ ነበር። ኩርፊያ እኮ ደህና ነገር ነው፤ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ መጨረሻ ላይ ይበርዳል። እሷ ግን አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም። የሚሄድ መሆኑን ሲነግራት "እሺ" አለችና ወደ ሥራዋ ገባች። ከዚያ ወዲህ ምግቡ አይጥማትም፣ ቢጥማትም አታውቀውም። ሰው ሲያስቃት ጥርሷን ታሳያለች። በዚህ ሁኔታዋ ነው በሩን የከፈተችለት።

"ይግቡ" አሉ ዳይሬክተሯ ከውስጥ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነውን ሰው አንቱ የሚሉት ከአክብሮት እንዳልመሰላችሁ፤ ከበር ውጭ ለማቆም ነው። "ጫማዎን እዚያ ጋ።"

ባለአሳንሰሩ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስለነበረች አውራ ጣቱን አጠፈ። ይህን ቤት ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ነገር ቦታ አለው፤ ቁልፎቹ በሚስማራቸው፣ ብርጭቆዎቹ አፋቸውን ደፍተው፣ ጋዜጦቹ በየቀናቸው። የምግብ ጠረጴዛው ነጭ ላስቲክ ለብሷል፤ ላስቲኩ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። የመግቢያ ፈቃዱን ያገኘው በስልኩ ምክንያት ነው። ጠጋኞቹ ሁሉ ከሰኞ በፊት አንነካውም ሲሉ፣ እሱ ስክሪኑ ከተሰባበረ ተመሳሳይ ስልክ ላይ የወጣ ደህና ቦርድ፣ የስልኩን አንጎል፣ ገዝቶ መጣ።

"ስልክ ጠግነው ያውቃሉ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ስልክ እንኳን አልጠገንኩም፣ እትዬ። የአሳንሰር ቦርድ ግን ብዙ ቀይሬያለሁ።"

"እሱ ትልቅ አይደለም?"

"የመሶብ ክዳን ያህላል። ይሄኛው ጥፍር ያህላል። ቪዲዮም አይቻለሁ።"

ዳይሬክተሯ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ከዚያ ሆነው ማየት ይችላሉ፤ እዚያ የሄዱትም ለዚያ ነው።

ባለአሳንሰሩ መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ የስልኩን ቅርፅ በእርሳስ ሣለ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ የስክሪኑን ጠርዝ አሞቀ፤ ማስቲሹ ሲለሰልስ ያረጀ የባንክ ካርድ አስገብቶ ቀስ አድርጎ ገለጠው። የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ቦርዱን የሸፈኑትን ትናንሽ ቆርቆሮዎች በቀጭን ካቻቢቴ ሲፈታ፣ እያንዳንዱን ብሎን ወረቀቱ ላይ ከወጣበት ቦታ ትክክል ክብ እየሣለ በክቡ ውስጥ አስቀመጠ።

"ወረንጦ" አለ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

አስተኚዋ ሳታስበው ወረንጦውን መዳፉ ላይ ጣል አደረገችለት፤ በቀዶ ጥገና ክፍል ነርሷ ለሐኪሙ ስታደርግ እንደምታየው። ቀና ብሎ አያት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያች እይታ ብቻ የያዘችውን ሥራ ትረሳ ነበር። አሁን ግን ዓይኑ ቡናማ መሆኑን አየች፣ ሌላ ምንም አልሆነችም።

"ብሎኖቹን ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ" አላት። "አንድ አይደሉም። አንዱ ከአንዱ የሚበልጠው በፀጉር ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ወግቶት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ አበቃ።"

ወጥ ቤት ቧንቧው ክፍት ስለነበር ዳይሬክተሯ ይህን አልሰሙም።

"ፎቶውም፣ ቁጥሩም፣ የተጻጻፍነውም ከአሮጌው ቦርድ ጋር ነው የሚቀረው" አለ። "አዲሱ ባዶውን ነው የሚመጣው። ይከፋሻል?"

"ባዶ ይሁን።"

"መጀመሪያ የምጽፍበት የራሴን ቁጥር ነው" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ጥርሷን አሳየችው።

የሞተውን ቦርድ አውጥቶ ስፍራውን በአልኮል አጸዳ። እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ትንሽ አየር እንውሰድ አላት። በረንዳው ላይ የተሰጣ አንሶላ ነበር፤ ከእናቷ ዓይን የሚከልል እሱ ብቻ ነው።

"ስመለስ ትጠብቂኛለሽ?"

አንሶላውን አየች። አንደኛው መቆንጠጫ ሊያመልጥ ነበርና አስተካከለችው።

"አንድ ነገር በይኝ እንጂ። ስደቢኝም ይሻላል።"

"ምንም አይሰማኝም" አለችው። ልትጎዳው ብላ አይደለም፤ የሙቀት መጠን እንደምትናገር ነው የነገረችው። "ፈልጌ አጣሁት። ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ስነካው ግን የሌላ ሰው ነው።"

"ታካሚዎችሽ እንደዚህ ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?"

"ሲለቃችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ሕመም ነው፣ አትደንግጡ እላቸዋለሁ። ታካሚው አመመኝ ብሎ ሲጮህ እኛ ደስ ይለናል።"

"አንቺን መቼ ነው የሚለቅሽ?"

"አላውቅም። መጀመሪያ ስልኩን ሥራ።"

እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ የእርጥብ አንሶላውን ሽታ አሸተተች፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ሌላ ነገር አልነበረውም።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሯ ወደ ጠረጴዛው መጥተዋል። ክፋት አስበው እንዳይመስላችሁ፤ ክፋት ቢያስቡ ኖሮ ይህን ታሪክ መጻፍ በቀለለኝ። ነጩ ላስቲክ ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ፣ አንድ የአልኮል ጠብታ አዩ። ጠብታ አይተው የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ወረቀቱን በአንድ እጃቸው አንሥተው በሌላው ሲወለውሉ ብሎኖቹ ተንከባለሉ። ክው አሉ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ለቀሙ፣ አንድም ሳይጠፋ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግተው በየክቡ አንድ አንድ ብሎን አስቀመጡ፣ ተማሪ በየወንበሩ እንደሚያስቀምጡ። ባዶ የቀረ ክብ አልነበረም። ደስ ብሏቸው ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

ሁለቱ ከበረንዳ ሲገቡ ባለአሳንሰሩ አዲሱን ቦርድ ቦታው አስገባና ቆርቆሮዎቹን መለሰ። ብሎኖቹን ከየክባቸው እያነሣ ማሰር ጀመረ። አንደኛው ብሎን መጨረሻው ላይ ከበደው፤ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። እጁ ቆመ።

ብሎኑን ፈትቶ አወጣውና ከሌላ ብሎን ጎን አቆመው። ረጅሙ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አየ። ሲሄድ የስልኩ ራስ ወደ እሱ ነበር፤ አሁን ወደ መስኮቱ ዞሯል፣ አንዱ ጥግም ርሷል። ቀና ሲል ዳይሬክተሯ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጨርቃቸውን ጨብጠው ቆመዋል። እሱ አያቸው። እሳቸውም ማየቱን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ።

"እኔ ነኝ" አለ ባለአሳንሰሩ ቀድሟቸው። "ብሎኖቹን አሳሳትኩ። ረጅሙን ያለቦታው አስገብቼ ቦርዱን ወጋሁት።"

ባትሪውን አገናኝቶ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ደግሞ ተጫነ።

አስተኚዋ ያየችው ሌላ ነው። እሷ ያየችው ሰውዬው ወደ እናቷ ዓይኑን ሲወረውር ነው፤ በዚያ ዓይን ውስጥም አንድ ነገር ሲረግብ። ተገላገልኩ የሚል መሰላት።

"ሆን ብለህ ነው?" አለች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ።

"ምን?"

"እዚያ ሄደህ ማንም እንዳይጨቀጭቅህ። ስልኳ ተበላሽቷል ትላለህ፣ ያልቃል።"

"እንደዚያ የማደርግ ይመስልሻል?"

"አላውቅም። ደክሞኛል።"

ባለአሳንሰሩ አንድ ጊዜ ወጥ ቤቱን አየ። አሁን አንዲት ቃል ብትወጣው ነገሩ ይስተካከላል፤ ያቺን ቃል ግን ዋጣት። "ቁጥሬን ልጻፍልሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አያስፈልግም። ደህና ግባ።"

ዕቃውን ሰበሰበ፤ ወረቀቱን ረሳው። በሩ ላይ ጫማውን አጥልቆ ዘወር አለ። "እትዬ፣ ጠረጴዛዎን ስላቆሸሽኩ ይቅርታ" አለ።

ዳይሬክተሯ ጨርቃቸውን አጥፈው መልሰው ዘረጉት። አስተኚዋ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት። ደረቷ ላይ ከበድ የሚል ነገር ፈለገች፤ የተጫነ ነገር የለም፣ ቀላል ነው፣ እንደ ባዶ ሻንጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ለቁርስ ተቀመጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ብጣሽ ነገር ቤታቸው የማያድርባቸው ዳይሬክተሯ ዳቦውን ከወረቀቱ ወዲህ፣ ሻዩን ከወረቀቱ ወዲያ አድርገው አቀረቡ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል።

"ሰውዬው የሚሄደው ዛሬ ነው?"

"ማታ።"

"አትሸኚውም?"

"ምን ልበለው ብዬ?"

"ደውለሽ ደህና ሂድ አይባልም? የኔን ስልክ ውሰጂ።"

"ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነበር፣ እማዬ። በቃሌ አላውቀውም።" ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም። "ደግሞም ሲበላሽ ደስ ብሎት ነበር። አንቺን አየና እፎይ ሲል አይቼዋለሁ።"

ዳይሬክተሯ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ፤ ከማስቀመጫው ውጭ፣ ላስቲኩ ላይ።

"እፎይ አላለም። እኔን ነው የሸፈነኝ።"

ልጅቷ ማማሰሏን አላቆመችም።

"እናንተ በረንዳ ላይ ሳላችሁ ጠብታ አየሁ። ወረቀቱን አነሣሁ። ብሎኖቹ ተበተኑብኝ፣ ለቅሜ በየክቡ መለስኳቸው። አንድ ዓይነት መስለውኝ። መሙላቱን አይቼ ደስ አለኝ፣ ሞኟ። ኋላ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ አውቋል። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እኔ ነኝ ብሎ ቀደመኝ።"

"ከዚያ በኋላስ? ስናገረው? ሲወጣ?"

"ፈራሁ። አንቺ ፊት አጥፍቼ አላውቅማ።" ዳይሬክተሯ የወረቀቱን ጥግ አስተካከሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮዬ የገባ ልጅ ሁሉ እኔ አይደለሁም ነው የሚለው። መስኮት ሰብሮ፣ ድንጋዩ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ እኔ አይደለሁም እሱ ነው ይላል። ያላጠፋ ሰው እኔ ነኝ ሲል የሰማሁት ትናንት ነው። እሱንም ጫማውን አስወልቄ ካስገባሁት ሰው። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲደውል አደረ።"

አስተኚዋ ማንኪያውን ያዘች። ጣቷ ጫፍ ላይ ማንኪያው ትኩስ መሆኑን አወቀች፤ እስካሁን ትኩስ መሆኑን አላስተዋለችም ነበር።

ዳይሬክተሯ ስልካቸውን ከሹራብ ኪሳቸው አውጥተው ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አደረጉት፤ መነጽር ሳያደርጉ ቁጥር ሲጫኑ እንደዚያ ነው። በአንድ ጣት አንድ ቁጥር ተጫኑ። ደግሞ ሌላ። ወረቀት አላዩም፣ ማንንም አልጠየቁም። ጣታቸው የማባዛት ሠንጠረዥ የሚጽፉ ይመስል ተከታትሎ ሄደ።

ልጅቷ ያቺን ጣት አየች።

"እማዬ፣ ለማን ነው?"

"ለሱ።"

"ቁጥሩን ማን ሰጠሽ?"

ጣቱ ቆመ። መስኮቱ ላይ ዝንብ ትጮሃለች። ዳይሬክተሯ ቀና አላሉም።

"ከአዳር ሥራ ገብተሽ ተኝተሽ ነበር። ስልክሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ላይ ነው። ጮኸ፣ ዘጋሁበት። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ዘጋሁበት። ስሙ ሥር ቁጥሩ ይጻፋል። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ሳልፈልገው በቃሌ ያዝኩት። ማታ ልትነሺ ስትይ ሁሉንም ከስልክሽ ላይ አጠፋሁት። ያን ቀን ነው የፈረመው አይደል?" ድምፃቸው ወረደ። "ሊሰናበትሽ መስሎኝ ነበር። እሰየው ብዬ ነበር። ሊያማክርሽ መሆኑን በምን ልወቅ?"

ስደውል ስደውል ውዬ አላነሳሽልኝም። ደጋግሞ ብሏት ነበር፤ አሳንሰሩ በር ላይ፣ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ፣ ቃሉን ሳይለውጥ። እሷም ደጋግማ ውሸታም አድርጋዋለች። አስተኚዋ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ ስድብ ይሁን ጸሎት አልለየችውም። ከጉሮሮዋ በታች የሆነ ቦታ ላይ፣ ለስንት ጊዜ የእሷ ባልነበረ ቦታ ላይ፣ ትንሽ ነገር ጠቅ አደረጋት።

ዳይሬክተሯ የመጨረሻዋን ቁጥር ተጫኑና ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ወረቀቱ ላይ አኖሩት። ጠራ። ብዙ ጠራ።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

ስንት ሰልፍ ያዘዘው ድምፅ አሁን ቀጠነ። "እኔ ነኝ" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ይቅርታ፣ ማን?"

"ብሎኖቹን የነካሁት።"

በወዲያኛው ጫፍ ሻንጣ ሲዘጋ ተሰማ። "አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ" አለ ባለአሳንሰሩ።

"ካወቅህ ለምን ዝም አልክ፣ አንተ ልጅ?" አንቱታው መንገድ ላይ የት እንደወደቀ እሳቸውም አላስተዋሉም።

"ምን ልበል? ከስንት ጊዜ በኋላ ገና ትናንት አስገቡኝ። በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ ላጣላት?"

ዳይሬክተሯ በጨርቃቸው አፋቸውን ያዙ። ያው ጨርቅ ነው። "ሌላም አለብኝ" አሉ። "ያኔ ስትደውል የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። እሷ ተኝታ ነበር፣ አልሰማችም። ጥሪህንም አላየችውም፤ አጥፍቼባት። እሷ ላይ እንዳትቀየም። እኔ ላይ ግን እንደ ልብህ።"

"እዚያ አለች?" አለ ባለአሳንሰሩ፣ ያን ጊዜ አሳንሰሩ ውስጥ ሳለች በክፍተቱ በኩል በጠየቀበት ድምፅ።

አስተኚዋ ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። መጀመሪያ እጇ ላበ። ከዚያ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወጋት። ከዚያ ደረቷን ይዞ እስከ ጀርባዋ የሚሄድ ሕመም መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ጨዋ ሆኖ በየተራ አልመጣም፣ ሳትሸኘው የወጣው ሰው፣ ያልተነሣው ጥሪ፣ ደህና ግባ ያለችበት አፏ፣ ሁሉም ባንድ በር ገባ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ጩኸቷን ዳይሬክተሯ በልጅነቷም ሰምተውት አያውቁም፤ ተነሥተው ጀርባዋን ሊነኩ እጃቸውን ዘርግተው፣ መንካት ይፈቀድልኝ ይሆን ብለው አየር ላይ አቆሙት።

"ምን ሆንሽ? አለሽ?" ይላል ስልኩ።

"ለቀቀኝ" አለች በሳግ መሃል። "ለቀቀኝ። ያመኛል።"

"የት ጋ?"

"ሁሉም ጋ።"

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር ከወዲያኛው ጫፍ መጣ። "አይዞሽ" አለ። "አይዞሽ፣ መጣሁ። እስከ ማታ ጊዜ አለኝ፣ አሁን መጣሁ።"

"ቆይ፣ አትዝጋ" አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ እንባዋ ነጩ ላስቲክ ላይ ተንጠባጥቧል፣ የሚወለውለው ግን አልተገኘም። "ትናንት በረንዳ ላይ መጀመሪያ የጠየቅኸኝን እንደገና ጠይቀኝ።"

ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተሰበረበት። ደረቷ እያመማት፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቃሉን እስኪያገኘው ድረስ ጠበቀችው።